ጸሓፊ ላጣ ተማሪ የተገኘ ጸሓፊ

በዚች መጽሔት ላይ ስለ ቅኔ መንገድ፣ ስለ ትርጓሜ መጻሕፍትና ስለ ገዳማት ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ አሳቤን የምገልጸው ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ነው። ይኸውም ሰው ሲናገር ሰምቶ ቃሉን ወደ ጽሕፈት የሚለውጠው፣ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራው መሣሪያ ነው። «ይህ ለመነኩሴ ምኑ ነው?» የሚል ወንድም ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረድ እላለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከጂዳ የተመለሰች አንዲት እኅት ናት። ባለፈው የፍልሰታ ጾም ወደ ገዳማችን ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል ነበረች። ከእንግዶች ማረፊያው አጠገብ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ስልኳን በጕልበቷ ላይ አኑራ፣ ቃሉን እየለየች ቀስ ብላ ትናገራለች። ከዘመድ ጋር የምትነጋገር መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን በስልኩ መስተዋት ላይ የአማርኛ ፊደል እንደ ጕንዳን ተከታትሎ ይወጣል። «እኅቴ፣ ከማን ጋር ትነጋገሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም ተነሥታ መስቀል ተሳለመችና፣ «አባ፣ ከማንም ጋር አይደለም፤ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ።

ቀኝ እጇን ገልጣ አሳየችኝ። በጂዳ በሰው ቤት ስታገለግል የፈላ ዘይት ፈስሶባት ጣቶቿ ተኰራምተዋል። «እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ እርሳስ መያዝ አልቻልኩም። መካ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች፤ ሃይማኖታችን ቢለያይም እንደ እናቴ ልጅ ነበርን። በስልክ እየደወለች ይህን አስተማረችኝ። አሁን አገሬ ገብቼ የማታ ትምህርት ጀምሬአለሁ፤ የታሪክ ማስታወሻዬን በአፌ ነው የምጽፈው፤ አባ፣ ይስሙት» ብላ የጻፈችውን አነበበችልኝ። አንዳንዱ ቃል ተሳስቷል፤ ነገሩ ግን የርሷ ነገር፣ አሳቡም የርሷ አሳብ ነበር። እኔም እርሷን ስሰማ ልቤ ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

ያ ሰው በቅኔ ቤት ሳለን አብሮኝ የነበረ፣ በሕፃንነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ያጠፋበት ወንድም ነው። እንደሚታወቀው የአብነት ትምህርት ቤታችን መሠረቱ ቃልና ጆሮ ነው። ሕፃን ፊደል ሲቈጥርና ዳዊት ሲያነብ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ማታ እሳት ከጠፋ በኋላ በጨለማ የሚሰጠውን የቃል ትምህርት ግን ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ይቀበለዋል። ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ሲገባም እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን በዱር በገደሉ ሲቈጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በቃሉ ያርመዋል፤ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ዓይናቸው የማያይ የቅኔና የዜማ መምህራን መገኘታቸው ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ያ ወንድማችንም ከእኛ ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም ነበር። የኔታ አንድ ጊዜ የተናገሩትን እኛ ሦስት ጊዜ ጠይቀን ስንይዝ፣ እርሱ በመጀመሪያው ይይዘው ነበር።

የወንድማችን ጭንቅ የተጀመረው ከየኔታ ጐጆ ወጥቶ ወደ ጠረጴዛው ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ነው። ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገኝ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ ለፈተና ተቀመጠ። እርሱ እየተናገረ የሚጽፍለት አንድ ልጅ ተሰጠው። ልጁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሰምቶ አያውቅም፤ ሠ እና ሰ አይለይም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደክሞታል። ወንድማችን ዐሥር መስመር ሲናገር ልጁ ሦስት መስመር ይጽፋል። ውጤቱ ሲታይ በታሪክ ወደቀ። የወደቀው ግን እርሱ አልነበረም፤ ጸሓፊው ነበር። ዛሬ በአገሩ በደብሩ ዐውደ ምሕረት ዳር ተቀምጦ ለሕፃናት የቃል ትምህርት ይሰጣል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ዕውቀት በወረቀት ሳይቀር ከርሱ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ እፈራለሁ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህ ሰው በአንደኛው ትምህርት ቤት ምሉእ ነበር፤ በሁለተኛው ጐደሎ ተባለ። ዓይኑ በሁለቱም ቦታ ያው አንድ ዓይን ነው፤ የተለወጠው የመማሪያውና የመፈተኛው መንገድ ነው። በጆሮና በአፍ ይሠራ የነበረው በዓይንና በእጅ የሚሠራ ሆነ። የእኔ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ቃልን ወደ ጽሕፈት የሚለውጠው መሣሪያ ለእንደዚህ ያለው ተማሪ የተቀማውን መንገድ የሚመልስለት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶቻችን እንደ ተማሪው እጅ አድርገው ሊቀበሉት ይገባል፤ በርሱ የተጻፈውንም የተማሪው የገዛ ጽሑፍ ነው ብለው ሊያርሙ ይገባቸዋል።

«በሌላ እጅ የተጻፈ እንዴት የገዛ ጽሑፉ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የመጻሕፍት ተማሪ ይህን ሊጠይቅ አይገባውም ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ ሲናገር ባሮክ በክርታስ ላይ ጽፏል፤ ትንቢቱ ግን የኤርምያስ ነው። ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት የጻፈው እጅ የጤርጥዮስ እንደ ነበረ በምዕራፍ 16 ላይ ተገልጿል፤ መልእክቱን ግን የጳውሎስ ካልሆነ የማን እንለዋለን? በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጸውን ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ተምሮ፣ በኋላ የታላቁ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል፤ ሄሮኒሞስም ከርሱ ተምሯል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1652 ዓይኑ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ በ1667 ያሳተመውን ታላቅ ግጥሙን በአፉ እየተናገረ አስጽፏል። በግብፅ በሕፃንነቱ የታወረው ጣሃ ሑሴን ብዙ መጻሕፍት አስጽፎ ከ1950 እስከ 1952 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። በዚያችው እኅታችን በነበረችበት በሳዑዲ ዐረቢያም ከ1993 እስከ 1999 የአገሪቱ ታላቅ ሙፍቲ የነበሩት ዐብደልዐዚዝ ቢን ባዝ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው የማያይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ጸሓፊ አግኝተዋል። ጸሓፊ ያላገኘው የድኻ ልጅ ግን ስንት ነው? አዲሱ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለርሱ ነው።

አሁን ስለ መሣሪያው ጠባይ ጥቂት ልናገር። በ1952፣ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት «ኦድሪ» የተባለ መኪና ሠርተው ነበር፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አኃዞች ብቻ ይለይ ነበር፤ እርሱም ድምፁን የለመደው ሰው ሲናገር ነው። በ1962 አይቢኤም የተባለው ድርጅት ያሳየው ዐሥራ ስድስት ቃላት ያውቅ ነበር። በ1976 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ከአንድ ሺሕ ቃል ጥቂት አለፈ። ከ1990 ጀምሮ ለሽያጭ የቀረበው «ድራጎን» የተባለው መሣሪያ በመጀመሪያ በየቃሉ መካከል ቆም ማለትን ይጠይቅ ነበር፤ ሰው እንደ ልማዱ ሳያቋርጥ እየተናገረ የሚጻፍለት ግን ከ1997 ወዲህ ነው። በዚያም ጊዜ ከተጠቀሙበት ሰዎች መካከል እጃቸው የማይታዘዝላቸው ብዙዎች ነበሩ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መሣሪያው የሰውን ድምፅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ መቶ ያህል ደቃቅ ክፍሎች ይቈራርጠዋል። እያንዳንዱን ቍራጭ ቀድሞ ከሰማቸው ድምፆች ጋር ያስተያያል። ከዚያ በኋላ «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል?» ብሎ ብዙ ጽሑፍ በማንበብ በተማረው ልማድ ይመዝናል። ስለዚህ ጆሮውም ልማዱም የሚሠለጥኑት በትምህርት ነው። ብዙ ያስተማሩት ቋንቋ ይሰላዋል፤ ጥቂት ያስተማሩት ይደናቀፍበታል። በዚህ ረገድ ከቅኔ ተማሪ አይለይም፤ ያልሰማውን አይናገርም።

በአማርኛ ይህን ትምህርት የጀመሩለት የገዛ አገራችን ልጆች ናቸው። ሰሎሞን ተፈራ አባተ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ በ2005 ከባልደረቦቹ ጋር የአማርኛ የድምፅ ስብስብ አቅርቧል፤ አንድ መቶ ሰዎች ያነበቡት፣ ሃያ ሰዓት ያህል የሚወስድ ነበር። ከዚያም እርሱና ማርታ ይፍሩ የአማርኛን ቃላት አከፋፈል በሚመለከት ብዙ ደክመዋል። በነሐሴ 2017 ደግሞ ጉግል የተባለው ድርጅት በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ላይ ሠላሳ ሲጨምር አማርኛ አንዱ ሆነ። እኅታችን በዛፍ ሥር ተቀምጣ የጻፈችው በዚህ ምክንያት ነው።

የማርታና የሰሎሞን ድካም ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አማርኛ አንዱን ግሥ በብዙ መልክ የሚያራባ ቋንቋ ስለሆነ ነው። «ስላልተመለሰላቸውም» ስንል አንድ ቃል ተናገርን፤ በውስጡ ግን ምክንያት፣ አሉታ፣ ግሥ፣ ባለቤት፣ ተቀባይና መጨመሪያ ተሰብስበዋል። በሌላ ቋንቋ አምስትና ስድስት ቃል የሚፈልገው በእኛ አንድ ነው። መኪናው ቃላትን እንደ መዝገብ በቃሉ ብቻ ቢያጠና እንዲህ ያለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ቃሉን በየአካሉ ከፋፍለው ማስተማርን መረጡ። ሰዋስው የተማረ ደቀ መዝሙር ይህን ሲሰማ ሳይደሰት አይቀርም፤ እኛ በግሥ ርባታ የምንማረውን እነርሱ ለመኪና አስተማሩት።

ከዚህ የሚከብደው ግን የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለጆሮ አንድ የሆነው ለዓይንና ለትርጓሜ ግን አንድ አይደለም። «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። «መሀረ» አስተማረ ሲሆን «መሐረ» ይቅር አለ ነው። «አመት» ገረድ ስትሆን «ዓመት» ዘመን ነው። መሣሪያው ድምፁን ብቻ ስለሚሰማ፣ ብዙ ሰው የጻፈበትን መልክ መርጦ ያወጣል። ዓይን ያለው ተማሪ አይቶ ያርመዋል። ዓይነ ሥውሩ ግን የጻፈውን የሚያረጋግጠው ስልኩ መልሶ ሲያነብለት ነው፤ ስልኩም ሲያነብ ሠን እና ሰን አንድ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ስሕተቱ ለጸሓፊው ተሰውሮ ለአራሚው ብቻ ይታያል። ይህ ለማንም ሊቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን የዚህ መድኃኒት በውጭ አገር የሚፈለግ አይመስለኝም፤ በየኔታ ጐጆ ይገኛል። አባቶቻችን ፊደልን ለጆሮ እንዲለይ አድርገው ስም አውጥተውለታል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እንላለን፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እንላለን። እንግዲህ የመሣሪያው ሠሪዎች እነዚህን ስሞች ቢያስገቡለት ምን ይጐድላቸዋል? ተማሪው «ሠዐለ፣ በንጉሡ፣ በዓይኑ» ሲል መኪናው ፊደሉን ያስተካክልለት፤ ሲያነብለትም «በንጉሡ ሠ» እያለ ይንገረው። በጨለማ ለሚማር ሕፃን የተደረገው ስም በጨለማ ለሚኖር ሊቅ በትር ይሆናል። ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ጽሑፍ ካነበቡ፣ ከገዳም የተላከ ትንሽ አደራ ብለው ይቀበሉኝ።

የግእዝ ነገር ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። በስልክ ላይ በሚገኘው የቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ለግእዝ የተዘጋጀ ስፍራ የለም። እኔም ሞክሬው ነበር፤ የግእዝ ንባብ ብሰጠው እርስ በርሱ የማይገናኝ የአማርኛ ቃል አውጥቶ አሳቀኝ። በቅኔም ኅብሩ የሚቆመው አንድ ድምፅ ሁለት ነገር ስለሚሸከም ነው፤ መኪናው ግን አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥላል። በዚህ አናፍርም፤ ቅኔ ለሰውም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይገለጥም። ግን አንድ ነገር እናስተውል። ግእዝን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ለይቶ የሚያነብ ጉሮሮ ያለው በእኛ ዘንድ ነው። ለመኪናው የምናስተምረው እኛ ካልሆንን ማን ያስተምረዋል?

እዚህ ላይ ወደ ጂዳና ወደ መካ ልመለስ። እኅታችን ስልኳን ከፍታ የቋንቋውን ዝርዝር አሳየችኝ። ለዐረብኛ የሳዑዲ፣ የግብፅ፣ የሞሮኮ፣ የሌሎችም አገሮች አነጋገር ለየብቻው ተዘርዝሯል፤ የጂዳ ተማሪ እንደ ካይሮ ሰው ለመናገር አይገደድም። ለአማርኛ ግን «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎውና የሸዋው አነጋገር፣ በጂዳ ተወልዶ ከዐረብኛ ጋር አማርኛን የሚማረውም የስደተኛ ልጅ አንደበት፣ ሁሉም በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ መግባት አለበት። ይህ የሆነው ስለ ተናቅን አይደለም፤ ድምፃችንን ስላልሰጠን ነው። የሚፈልገው ሲኖር አማርኛ አይረሳም። በ2023 በሐጅ ወቅት ከመካ አጠገብ በዐረፋ የተደረገው ስብከት ከተተረጐመባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ነበረበት። በሌላ አገርና በሌላ ሃይማኖት ያሉ ሰዎች የአማርኛ ተናጋሪውን ከቈጠሩት፣ እኛ የገዛ ዓይነ ሥውራን ወንድሞቻችንን ሳንቈጥር ብንቀር ምን መልስ አለን?

ስለ ዓይነ ሥውራንና እጃቸው ስለ ተጐዳ ተናገርኩ፤ መስማት የተሳናቸውንም መርሳት አይገባኝም። እውነቱን ለመናገር የአብነት ትምህርት ቤታችን ለዓይነ ሥውር የሰፋ በር ሲኖረው፣ ለማይሰማ ልጅ ግን በሩ ዝግ ነበር፤ ሁሉ ነገር በጆሮ ነውና። መሣሪያው ለዚህ ልጅ በሌላ በኩል ያገለግለዋል። በየካቲት 2019 ጉግል ያወጣው አንድ የስልክ ፕሮግራም በአጠገብ ያለ ሰው የሚናገረውን ወዲያው በጽሕፈት ያሳያል። ከሠሩት ሰዎች አንዱ ዲሚትሪ ካኔቭስኪ የተባለው፣ ራሱ መስማት የተሳነው ሊቅ ነው። የምልክት ቋንቋን የሚተካ አይደለም፤ ነገር ግን መምህሩ ምልክት በማያውቅበት ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪ መስኮት ይሆነዋል። አንደበታቸው የሚተሳሰር ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ በመኪናው ዘንድ እንግዶች ናቸው፤ በአብዛኛው የጤነኛ ድምፅ ተምሮ ስላደገ በደንብ አይሰማቸውም። የነርሱም ድምፅ በአማርኛ ሊሰበሰብ ይገባል።

ይህን አሳቤን ለየኔታ ባቀረብኩ ጊዜ ዝም ብለው ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ እጅ ቢደክም ልብ ይጽፋል፤ መኪና የጻፈለት ሰው ግን ልቡ እንዳይፈታ እፈራለሁ» አሉኝ። ቃላቸው ከባድ ነውና ብዙ ቀን አሰብኩበት። በእርግጥ ጽሕፈት የበዛለት ትውልድ የቃል ትምህርቱ ይላላል፤ እኛ ዓይን ያለን ወረቀት ስላለን የምንረሳውን ያ ወንድማችን አይረሳም። ዳሩ ግን «የኔታ፣ እኔ ደብተር ስይዝ አልከለከሉኝም፤ እርሱ ለምን ይከልከል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያስ ሁለታችሁም በቃላችሁ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ጻፉ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘሁም። መሣሪያው በቃል ማጥናትን የሚያስቀር ምክንያት እንዳይሆን፤ የቃሉን ትምህርት ጨርሶ የመጣው ግን በጽሕፈት እንዳይታገድ።

ሌላው ፍርሃት የብሬል ነገር ነው። በ1829 ፈረንሳዊው ዓይነ ሥውር ሉዊ ብሬል ያሳተመው በጣት የሚነበብ ፊደል ለአማርኛም ተዘጋጅቶ፣ በሰበታ መርሐ ዕውራንና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ኖሯል። «መሣሪያው ከመጣ ብሬል ይቅር» የሚል ሰው ተሳስቷል። በጆሮ ብቻ የሚማር ሰው የቃሉን አጻጻፍ አያውቅም፤ በጣቱ የሚያነብ ግን ፊደሉን ይዳስሳል። መሣሪያው የሚጠቅመው ብሬል ማንበብ የማይችለው መምህር የተማሪውን ሥራ እንዲያነብ ድልድይ ስለሚሆን ነው።

ሦስተኛውም ችግር አለ፤ ከሁሉ ይልቅ እርሱ ያሳስበኛል። የስልኩ አማርኛ በአብዛኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ድምፁ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ተጽፎ ይመለሳል። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በዚህ መሣሪያ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ብዕሩን ከእጁ እንደ ነጠቁት ይቈጠራል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መፈለግና ማስፋፋት ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር ቃላችን በሰው እጅ እንደሚያልፍ ማወቅ አለብን፤ የምክርና የንስሓ ነገር ለዚህ መሣሪያ አይነገርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላሰብኩም። በመጀመሪያ፣ በጽሕፈት የሚፈትን ትምህርት ቤት ሁሉ፣ የእኛውም ጭምር፣ ለአካል ጉዳተኛው ተማሪ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ይስጠው፤ እርሱ ሲናገር ሌሎቹ መልሱን እንዳይሰሙ፣ የሌሎቹም ድምፅ መኪናውን እንዳያሳስተው ነው። አንድ መምህር አብሮት ይቀመጥ፤ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ይነበብለት፤ የሚያርምበትም ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በሞክሼ ፊደል ስሕተት ማርክ አይቀነስበት፤ የአጻጻፉ ዕውቀት የሚፈተን ከሆነ ግን የፊደሉን ስም በአፉ ይጠየቅ፤ «በምኑ ሠ?» ሲባል «በንጉሡ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ድምፃችንን እንስጥ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት ከ2017 ጀምሮ የሕዝብ ድምፅ የሚሰበስብበት መዝገብ አለው፤ አማርኛም በውስጡ ይገኛል። በዚያ ላይ የሚታየውን ዓረፍተ ነገር ማንበብና የሌላው ሰው ንባብ ትክክል መሆኑን መመስከር ለማንም ይቻላል። የእያንዳንዳችን ሩብ ሰዓት ለአንድ ዓይነ ሥውር የሚሰጥ ምጽዋት ነው።

ይህ የቸርነት ጕዳይ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በ2006 ያወጣውን ስምምነት ሳዑዲ ዐረቢያ በ2008፣ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብለውታል። በ24ኛው አንቀጽ አካል ጉዳተኛ እንደ ሌላው ሁሉ የመማር መብት እንዳለውና ለዚህም የሚያስፈልገው ሁሉ እንዲመቻችለት ተወስኗል። ስለዚህ ተማሪው የሚጠይቀው ውለታ አይደለም፤ የተፈረመለትን ነው።

ተሳላሚዎች ሆይ፤ እናንተ ከሩቅ አገር መጥታችሁ በየመንገዱ የተቀመጠውን ዓይነ ሥውር ታያላችሁ፤ ሳንቲም ትሰጡታላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን ጐንበስ ብላችሁ «አባቴ፣ ምን ተምረሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ድጓ የዘለቀ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ማንም ሳይጽፍለት የቀረ ሊቅ ሊሆን ይችላል። በቤታችሁም እጁ ወይም ዓይኑ የተጐዳ ልጅ ቢኖር፣ ትምህርቱ አበቃ ብላችሁ ከቤት አታስቀሩት።

እኅታችን ጾሙ ሲፈታ ተሰናብታ ሄደች። ከመሄዷ በፊት በስልኬ ላይ መሣሪያውን እንዴት እንደምከፍተው ደጋግማ አሳየችኝ፤ «አባ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ አይጩኹበት» አለችኝ። የመጪው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከአበው ፈቃድ ጠይቄ ወደዚያ ወንድማችን አገር ልወርድ አስቤአለሁ። ስልኩን በፊቱ አኑሬ በአማርኛ የቈጠረውን የትምህርት ቤት ታሪኩን እንዲናገር እለምነዋለሁ፤ ግእዙን ደግሞ እኔው ከአፉ ተቀብዬ እጽፋለሁ። ለዚች መጽሔት አዘጋጆች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ የርሱ ጽሑፍ በመጣ ጊዜ ከግርጌው የሚቀመጠው ስም የርሱ ብቻ ይሁን፤ የእኔም የመኪናውም እንዳይሆን።